ሌሊት የሚያንኳኳው ቧንቧ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና “ስማ፣ ዛሬም ጀመረ” አለችኝ። እውነትም ጀምሯል። ከጣሪያው በላይ የሆነ ነገር ድም፣ ድም፣ ድም እያለ ይመታል፤ ጥቂት ፋታ ይሰጥና እንደገና ይቀጥላል። ቀጥሎ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ያጉረመርማል፤ ከመታጠቢያ ቤት ደግሞ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ ያለ የሚያስመስል ድምፅ ይመጣል። ሽሮ ሜዳ ወዳለው ቤታችን ከገባን ገና አራተኛ ወራችን ነበር። መጀመሪያ ሌባ ነው ብዬ የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ድመት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ “ነገ እናየዋለን” ማለት ጀመርኩ፤ ያች “ነገ” ሦስት ወር ሞላች።

አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ነገሩን በቀላሉ አላዩትም። እማማ ሌሊት እየተነሡ ሳሎን ውስጥ ይንበረከኩና ያንን የሚያንኳኳ ነገር በኢየሱስ ስም ይገሥጹ ነበር። ጸሎታቸውን አልነቅፍም፤ እኔ ተኝቼ እሳቸው ስለ ቤቱ ይተጉ ነበርና። ድምፁ ግን አንዳንድ ሌሊት እሳቸው ሳይጀምሩ ዝም ይላል፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ እስኪነጋ ይቀጥላል።

ባለቤቴ በበኩሏ ሌላ ሥራ ይዛ ነበር። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ ድምፁ በተሰማበት ሌሊት ሁሉ ትንሽ የእርሳስ ነጥብ ታኖራለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ከፊቱ አቆመችኝና “እስቲ እያቸው” አለችኝ። ነጥቦቹ ያረፉት የሠፈራችን የውሃ ፈረቃ በደረሰባቸው ሌሊቶች ላይ ብቻ ነበር። አንድም ከዚያ አልወጣም። “እኔ ስናገር አትሰማም፤ ቧንቧው ሲጮህም አትሰማም” ስትለኝ መልስ አጣሁ። በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምጽፈው ጉዳዩ የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ስለ ተረዳሁ ነው። ታሪኩን በቤት ኅብረታችን ባወራሁበት ምሽት ከተቀመጡት ባለትዳሮች ብዙዎቹ “የእኛም እንደዚያ ያደርጋል” አሉ። አንዱ በድምፁ እንቅልፍ አጥቷል፤ ሌላው ያልተበላሸ ፓምፕ አስለውጧል፤ እንደ እኔ ደግሞ ዝም ማለት የሌለበትን ነገር በገዛ እጁ ዝም ያሰኘ አለ። ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

ዳገቱና አየሩ

ጉለሌ ዳገት ነው። ከተማችን በደቡብ በኩል አቃቂ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ በ2100 ሜትር ገደማ ትጀምርና በሰሜን እንጦጦ አናት ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ትደርሳለች። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ሲያመጣ፣ ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለ ነበር ተዳፋቱ አግዞታል። ዛሬ ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። እንደ እኛ ባለው ከፍታ ላይ ለመድረስ ተገፍቶ መውጣት አለበት። ውሃ አሥር ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ያጣል። ታችኛው ሠፈር ቧንቧውን ከፍቶ ልብስ ሲያጥብ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ፉጨት ብቻ ነው። ሰው ሲተኛ፣ መስመሩ ላይ ግፊት ሲተርፍ፣ ያኔ ውሃው ወደ ላይኞቹ ቤቶች ይወጣል። ድምፁ ሌሊትን የመረጠው ለዚህ እንጂ በሌላ ምክንያት አልነበረም።

ውሃው በሄደባቸው ቀናት ቧንቧው ውስጥ ያለው በየቤቱ ተንጠፍጥፎ ያልቃል፤ በቦታውም አየር ይገባል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር ከፊቱ እየገፋ ነው የሚመጣው። አየር እንደ ውሃ አይደለም፤ ይታመቃል፣ ይለጠጣል፣ ከፍ ባለ ቦታና በጎሚቶ ላይ ይጠራቀማል። ውሃው በዚያ መካከል ሲሽሎከለክ የሚሰማው ጉርጉርታና ትፍታ እሱ ነው። ይህ ድምፅ ቤት አያፈርስም። ውሃ እንደ መጣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለውን ቧንቧ፣ ብዙውን ጊዜ ሻወሩን፣ በትንሹ መክፈትና መትፋቱን ትቶ በአንድ ወጥ እስኪወርድ መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ያሉትን። በአንድ ጊዜ ቧ አድርጎ መክፈት አየሩንና ውሃውን አጋጭቶ ድምፁን ያብሰዋል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ድፍርስ ስለሚሆን በባልዲ ተቀብሎ ለወለል ማጠቢያ ማዋል ይቻላል፤ እማማ አንዲት ጠብታ እንድትደፋ አይፈቅዱም።

“መቼ ነው የሚጮኸው?”

የመጡት ቧንቧ ሠራተኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በሠፈሩ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የመሣሪያ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ “መቼ ነው የሚጮኸው?” እኔ ስለ ድምፁ ዓይነት ማብራራት ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ድምፅን በቃል መግለጽ ሰውን ያሳስታል፣ ሰዓቱ ግን አያሳስትም አሉ። ውሃ ሲመጣ ነው? ቧንቧ ሲዘጋ ነው? ሙቅ ውሃ ሲከፈት ነው? ማሞቂያው ሲበራ ነው? ባለቤቴ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርዳ አመጣችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱና “ልጄ፣ ግማሹን ሥራ አንቺ ጨርሰሽዋል” አሏት። እኔን አላዩኝም።

መሰላል አስደግፈው ሮቶው ወደተሰቀለበት ቆጥ ወጡ። ድም ድም የሚለው ከዚያ ነበር። በሮቶው ውስጥ ውሃው ሲሞላ ከፍ እያለ መግቢያውን የሚዘጋ፣ በዘንግ የታሰረ ተንሳፋፊ ኳስ አለ። ታንከሩ ሊሞላ ሲል መግቢያው በስሱ ብቻ ክፍት ይሆናል። ሌሊት ግፊቱ ከፍ ሲል ውሃው በዚያ ቀዳዳ እየተወረወረ ይገባና የታንከሩን ውሃ ያናውጠዋል፤ ኳሱ በማዕበሉ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በወጣ ቁጥር መግቢያውን ይዘጋል፣ በወረደ ቁጥር ይከፍታል። እያንዳንዱ መዝጋት አንድ “ድም” ነው። ሮቶው ባዶና ትልቅ ስለሆነ እንደ ከበሮ ያጎላዋል፤ የብረቱ ቆጥ ደግሞ ተቀብሎ ለጣሪያው፣ ጣሪያው ለእኛ አልጋ ያደርሰዋል።

ጋሼ የመግቢያውን ያለቀ ጎሚኒ ለወጡ፤ ላልቶ የነበረውን ቧንቧ በማቀፊያ ከቆጡ ጋር አሠሩት፤ በመካከሉም ጎማ አኖሩበት። ቀጥለው ንጹሕ የምግብ ፕላስቲክ ማሰሮ ጠየቁ። ባለቤቴ የማር ማሰሮ ሰጠቻቸው። ጎኑን ጥቂት ቦታ በሱት፣ በኳሱ ዘንግ ላይ ውሃው ውስጥ ጠልቆ እንዲንጠለጠል አሠሩት። ማሰሮው ውሃ ስለሚሞላ ዘንጉ ከእያንዳንዱ ሞገድ ጋር እንዳይዘል ይይዘዋል። የሦስት ወር እንቅልፋችንን የመለሰልን ይህ የማር ማሰሮ ነው ብል አልተጋነነም።

ተመሳሳይ ምት በሌላ ጊዜም ሊሰማ ይችላል፤ ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ። ብዙ ሰው ባለ አንድ እጀታውን ዘመናዊ መክፈቻ በጥፊ እንደሚመታ ሰው ቀጭ ያደርገዋል። ቧንቧው ውስጥ በሰከንድ አንድ ሜትር ሲሄድ የነበረ ውሃ በቅጽበት ሲቆም፣ ቀድሞ በነበረው ግፊት ላይ ከአሥር ባር በላይ የሆነ ድንገተኛ ግፊት ሊፈጠር ይችላል። ያ ምት በግድግዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ውሎ አድሮ መገጣጠሚያ ያላላል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑ ውሃውን በአንድ ጊዜ ነው የሚዘጋው። እጀታውን ቀስ ብሎ መዝጋት፣ ወደ ማሽኑ የሚሄደውን መዝጊያ በትንሹ ማጥበብ፣ የላላውን ቧንቧ ማሠር ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ሙቅ ውሃ ሲከፈት ብቻ የሚሰማው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሁሉም ንጹሕ ነው። ቧንቧው ሙቀት ሲሰማው ይረዝማል። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቧንቧ በአርባ ዲግሪ ሲሞቅ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያው ርዝመት ያለው ተራ የፒፒአር ፕላስቲክ ቧንቧ ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በጠባብ ቀዳዳ ግድግዳ ውስጥ ካለፈ እየተፋተገ ይጮኻል። ግንበኛው ሲያልፍ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ ስፖንጅ ቢጠቀልልበት ኖሮ ዝም ይል ነበር። ለዚህ ብሎ ግድግዳ ማፍረስ ግን ብልህነት አይመስለኝም።

ፓምፕ ያላቸው ቤቶች አንድ የተለየ ነገር ይወቁ። ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ከጮኸ ብዙውን ጊዜ የሚስበው ውሃ አንሶታል ወይም በመሳቢያው በኩል አየር እየገባ ነው፤ ቶሎ ካልጠፋ ራሱን ይበላል። ፓምፕን በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር አገናኝቶ መሳብ ደግሞ የጎረቤትን ድርሻ መውሰድ ብቻ አይደለም፤ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል የቦይ ውሃ ወደ ማድጋችን ሊስብ ይችላል።

ዝም ያሰኘሁት ነገር

ጋሼ ከጣሪያው ሲወርዱ ባለቤቴ ስለ ውሃ ማሞቂያው ጠየቀቻቸው። መታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሃምሳ ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር አለ። ሲበራ መጀመሪያ ይፏጫል፣ ቀጥሎ ሽሮ እንደተጣደበት ድስት ይንተከተካል። ቤቱን ስንገዛም እንደዚያ ነበር። ጋሼ አዳምጠው “ደለል ይዟል” አሉ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ሙቀት ሲያገኝ እንደ ኖራ ሆኖ በሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል፤ የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። በዚህ ቅርፊት ሥር የተያዘ ውሃ ይፈላል፤ ትናንሽ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ከቀዝቃዛው ውሃ ሲገናኙ ይፈነዳሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መፍትሔው ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ማጥፋት፣ ውሃውን ማፍሰስ፣ ሬዚስታንሱን አውጥቶ ቅርፊቱን ማንሣት፣ አብሮት ያለውን የማግኒዥየም ዘንግ አልቆ እንደሆነ መለወጥ ነው። ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ውሃና ኤሌክትሪክ የተገናኙበት ዕቃ ነው፤ የመሬት ሽቦው በትክክል መታሠሩም ያኔ ይታይ።

ጋሼ ይህን እያስረዱ ሳለ ጎንበስ ብለው ከቦይለሩ ሥር ተመለከቱና ንግግራቸውን አቆሙ። ምንም ሳይሉ ሄደው ብሬከሩን አወረዱት። ተመልሰው “ይህን ማን አደረገው?” አሉ።

እኔ ነበርኩ። ከቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ቦታ፣ አንዲት ትንሽ የነሐስ ቫልቭ አለች፤ በጎኗ ባለ ቀዳዳ ውሃ ጠብ ጠብ ትላለች። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሚሆን ባለቤቴ “አሠራው” ብላኝ ነበር። እኔም ሰው አልጠራም ብዬ ከሽሮ ሜዳ ሱቅ ታፖ ገዝቼ፣ ቴፍሎን ጠቅልዬ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩት። ጠብታው ቆመ። በእጄ ሥራ ኮርቼ ነበር፤ ለኅብረታችን ወንድሞችም አውርቼአለሁ።

ያቺ ቫልቭ ሴፍቲ ቫልቭ ናት። ሃምሳ ሊትር ውሃ ከቀዝቃዛነት ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ውሃ አይታመቅም፤ የጨመረው መሄጃ ይፈልጋል። ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ቫልቯ ራሷ ትከለክለዋለች፤ ስለዚህ ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ፣ በብዙዎቹ ዕቃዎች ስምንት ባር ሲደርስ፣ በጎን ቀዳዳዋ ጥቂት ውሃ ታስወጣለች። ጠብታው ብልሽት ሳይሆን ሥራዋ ነው። ቀዳዳው ሲደፈን ያ ሁሉ ግፊት በጋኑ ላይ ያርፋል። በዚህ ላይ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ማሞቁን ሳያቋርጥ ቢቀር ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎ በግፊት ታፍኖ ይቆያል፤ ጋኑ የተሰነጠቀ ዕለት ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው 1600 እጥፍ ያህል ቦታ ይፈልጋል። በልዩ ልዩ አገሮች በዚህ መንገድ የፈነዱ ማሞቂያዎች ግድግዳ አፍርሰዋል፣ ሰው ገድለዋል።

ልጆቻችን የሚታጠቡት ከዚያ ቦይለር ሥር ነው።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ታፖውን ፈትተው እጄ ላይ አኖሩልኝ፤ “ይህን አስቀምጠው” አሉኝ። ቫልቯም ሁለት ወር ተዘግታ ስለቆየች አላመኗትም፤ በአዲስ ለወጧት። በወር አንድ ጊዜ ትንሿን እጀታ አንሥቼ ውሃ ማስወጣቷን እንዳይ፣ በቅርፊት እንዳትያዝ፣ ከቀዳዳዋም ወደ ፍሳሽ የሚወርድ ክፍት ቱቦ እንጂ ሌላ ምንም እንዳላደርግባት ነገሩኝ። ማሞቂያው ጠፍቶም፣ ውሃው ቀዝቅዞም ያለማቋረጥ የምታንጠባጥብ ከሆነ ያኔ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይ ቫልቯ አርጅታለች፤ መፍትሔው ግፊት መቀነሻ መግጠም ወይም እሷን መለወጥ ነው፤ ታፖ ግን መፍትሔ አይደለም። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስም ሙቅ ውሃው በወጥነት ሲወርድ ሳታዩ ቦይለር አታብሩ፤ ባዶ ጋን ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ ይቃጠላል።

ከዬተቦሪ የመጣ ስልክ

የዚያኑ ሰሞን ምሽት የባለቤቴ እህት ከስዊድን፣ ከዬተቦሪ ደወለች። እንቅልፍ አጥታለች። “ራዲያተራችን ሌሊት ሌሊት ይንጎራጎራል” ስትል እኔ መኪና የገዛች መስሎኝ “እንኳን ደስ ያለሽ” አልኳት። ኋላ ነው የገባኝ። በዚያ አገር ውሃ ተሞቆ በቧንቧ በየክፍሉ ይዞራል፤ በየመስኮቱ ሥር ያለው የብረት ሣጥን ሙቀቱን ለክፍሉ ይሰጣል፤ ውሃውም ቀዝቅዞ ተመልሶ ይሞቃል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ጋሼን አስታውሰን “መቼ ነው የሚጮኸው?” አልናት። ቤቱን ማሞቅ በተጀመረ ሰሞን፣ ውሃው መዞር ሲጀምር ነው። “ላዩ ቀዝቃዛ ታቹ ሙቅ ነው?” ነው። እንግዲያው የእሷም አየር ነበር።

በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። ራዲያተሩ በጫፉ ላይኛው በኩል ትንሽ መተንፈሻ አለው፤ በምታህል ቁልፍ ይፈታል። የሚያዘዋውረው ፓምፕ በራሳቸው ቤት ከሆነ ይጥፋ፣ ራዲያተሩ ይብረድ፣ ከሥሩ ጨርቅ ይያዝ፤ ቁልፉን ሩብ ዙር ብቻ። አየሩ እየፏጨ ይወጣል፤ ውሃ ሲከተል ይዘጋል። በግል ቤት ውስጥ ከዚያ በኋላ የግፊት መለኪያውን ማየት ያሻል፤ ሥርዓቱ ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ባር ነው የሚፈለገው። በኪራይ ቤት ግን ከመንካት በፊት ለአስተዳዳሪው መደወል ይሻላል። በየሳምንቱ አየር የሚያስወጡ ከሆነ የሆነ ቦታ እያስገባ ነውና ባለሙያ ይየው። የሚያፏጭ ራዲያተር ብዙውን ጊዜ መክፈቻው ጠብቧል ወይም ፓምፑ በዝቷል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው እንደ እኛው ቧንቧ እየረዘመ ነው። በአሜሪካ አሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ በውሃ ሳይሆን በእንፋሎት የሚሠራ ራዲያተር ያጋጥማል፤ እሱ በመዶሻ የሚመታ ያህል ይጮኻል፤ ቀዝቅዞ ውሃ የሆነው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ሥሩ ሲጠራቀም ነው። ባለ አንድ ቧንቧው ዓይነት መክፈቻው ሙሉ በሙሉ ክፍት ወይም ሙሉ በሙሉ ዝግ መሆን አለበት፤ በግማሽ መተው ነው ምቱን የሚያመጣው። ሣጥኑም ውሃው እንዲመለስ ወደ መክፈቻው በኩል ትንሽ ያዘነበለ ይሁን።

እህቷ ስልኩን ስትዘጋ እማማ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው “እኛስ ራዲያተር የለንም” አሉ። እውነት ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር የእንጦጦ ብርድ ሲወርድ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ በጉለሌ ቤቶች ያለው ማሞቂያ ጋቢና ከሰል ነው። ስለ ድምፅ እያወራሁ ስለ ዝምተኛው ሳልናገር ባልፍ አጥፍቻለሁ። የከሰል ምድጃ አይጮኽም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ “አሁን ንጹሕ ነው” ብለን ወደ መኝታ ቤት እናስገባዋለን፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ያኔም ይወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ይመጣል፤ በተለይ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተሰማው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። የተኛ ሰው ግን ሳይሰማው ያልፋል። በሽሮ ሜዳችን ግድግዳ ቀዳዳው በጋዜጣ ተደፍኖ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ተጎዝጉዞ ከሰል የሚያድርበት ቤት አሁንም አለ። አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ይብሳል። ፍሙ ውጭ ይደር፤ በእሱ ፈንታ ጋቢ ይደረብ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይቀመጥ።

ታፖው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከሴፍቲ ቫልቯ የሚወርደውን ውሃ ባለቤቴ በትንሽ ጀሪካን ትቀበላለች፤ እማማ በእሱ ግቢ ያለውን ጤና አዳም ያጠጣሉ። ሌሊት መነሣታቸውን አልተዉም፤ አሁን ግን በዝግታ ነው የሚጸልዩት፣ ልጆቹ እንዳይነቁ። ባለፈው ሳምንት የቀን መቁጠሪያው ላይ አዲስ የእርሳስ ነጥብ አየሁና “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኳት። “የፍሪጁ ድምፅ ተለውጧል” አለችኝ። የዚያን ዕለት ማታ እራት ሳልበላ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብኩት።